ቁጥር አማናን አይተካም
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ለአድማጮች ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ በአገር ቤት ላላችሁ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወላጆች ግን እንግዳ አይደለም። በብዙ ቤት የልጆች መሳቢያ በእርሱ ተሞልቷልና። ጉዳዩ የስፖርተኞች ወይም የ«ፖኬሞን» ሥዕል የታተመባቸውን ትናንሽ ካርዶች እየገዙ፣ ደረጃ እያስወጡ መልሶ በትርፍ የመሸጥ ንግድ ነው። ካርድ ስንል ቁማርተኞች የሚጫወቱበትን ካርታ ማለታችን አይደለም። መዳፍ የማታክል፣ በፊቷ ሥዕል በጀርባዋ ጽሑፍ ያለባት ጠንከር ያለች ወረቀት ናት።

ወጣቶች «ይህ ትርፍ ሐላል ነው ወይ?» ይሉናል። ወላጆች ደግሞ «ልጃችን ለትምህርቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ በወረቀት ላይ አዋለው፤ ንግድ እንበለው ወይስ ቁማር?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሐላልና ሐራሙን ለይቶ ፈትዋ የመስጠቱ ቦታ የዑለማዎች ነው። የእኛ ድርሻ ንግዱ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳትና አንድ ሙስሊም ነጋዴ በየትኛው በር ላይ ቆም ብሎ ራሱን መጠየቅ እንዳለበት ማመላከት ነው።

ወረቀቱ እንዴት ወርቅ ሆነ?

እንዲህ ያሉ ካርዶች በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። መጀመሪያ ላይ የሲጋራ ፋብሪካዎች ገዢ ለመሳብ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይጨምሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ካሳተማቸው መካከል የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ይገኝበታል። የዚህ ካርድ ኅትመት ቶሎ በመቋረጡ ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የሚታወቁት ከመቶ በታች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እ.ኤ.አ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ሌላም እንጥቀስ። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 የሚኪ ማንትልን ካርድ አተመ። ካርዶቹ በብዛት ሳይሸጡ ቀሩና መጋዘን አጣበቡ። የኩባንያው ሠራተኛ የነበረው ሲ በርገር ራሱ እንደተናገረው በ1960 የተረፉትን በጀልባ አስጭኖ ወደ ባሕር አስጣላቸው። በዚያ ጊዜ የሚፈልጋቸው ሰው አልነበረም። አንድ ሰብሳቢ በ1991 ከእነዚህ የማንትል ካርዶች አንዱን በ50 ሺህ ዶላር ገዛ። ያው ካርድ በነሐሴ ወር 2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ወጣቱ የሚሰማው ይህንን ነው። የማይሰማው ደግሞ ሌላኛው ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰው ሁሉ «ካርድ ሀብት ነው» ብሎ መግዛት ጀመረ፤ ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ብዙ አሜሪካውያን ለልጆቻቸው ኮሌጅ ይሆናል ብለው ካርቶን ሙሉ አስቀመጡ። ዛሬ ከእነዚያ ካርዶች አብዛኞቹ የካርቶኑን ማጓጓዣ እንኳ አይሸፍኑም። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ያንን ጊዜ የውዳቂ ካርድ ዘመን ብለው ይጠሩታል።

በቅርብ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሰው ቤቱ ተቀምጦ ካርድ መግዛት ሲያበዛ ዋጋው ሰማይ ነካ። በመጋቢት 2021 ትልቁ ደረጃ አውጪ ድርጅት የሚላኩለት ካርዶች ከአቅሙ በላይ በመሆናቸው አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ደንበኞች በካርድ ምክንያት እስከ መደባደብ በመድረሳቸው ካርድ በመደብሮቹ መሸጥ አቁሞ ነበር። ቀጥሎ የብዙ ካርዶች ዋጋ ወረደ፤ በውድ የገዛውም ካርዱን ታቅፎ ቀረ።

እህል ቢረክስ ይበላል፣ ጨርቅ ቢረክስ ይለበሳል። ካርድ ግን ፈላጊ ካጣ ወረቀት ነው። ዋጋው የሚቆመው በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፦ የካርዱ ብርቅነትና የሰው ፍላጎት። ወደዚህ ንግድ የሚገባ ሰው ይህን አውቆ መግባት አለበት።

የመጀመሪያው በር፦ ስንገዛ

እንደሚታወቀው በኢስላም ንግድ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። አንድ ሰው የታወቀ ዕቃ በታወቀ ዋጋ ገዝቶ አስወድዶ ቢሸጥ ትርፉ ሲሳዩ ነው። በካርዶቹ ላይ ስላሉት ሥዕሎችና ስለ ጨዋታው ይዘት ግን ዑለማዎች የተናገሩት አለ። ለምሳሌ በ2001 የሳዑዲ ዓረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት የፖኬሞንን ጨዋታና ካርዶች የከለከሉ ሲሆን፣ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ከቁማር ጋር መመሳሰሉ ነበር። በዚህ ነጥብ ልቡ ያልረጋ ወንድም ወይም እህት ወደሚያምኑት ዓሊም ቀርበው ይጠይቁ።

እኛ በግዢው አፈጻጸም ላይ ሁለት ነገሮችን እናንሳ።

አንደኛው የታሸገውን መግዛት ነው። ካርዶቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በእሽግ ነው። ገዢው በአንድ እሽግ ውስጥ አሥር ገደማ ካርድ እንዳለ ያውቃል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከከፈለው ያነሰ ነው። አልፎ አልፎ ግን መቶ እጥፍ የሚያወጣ ይወጣለታል። የፊቅህ ሊቃውንት በባሕር ውስጥ ያለን ዓሣና በአየር ላይ ያለን ወፍ መሸጥን ገረር፣ ማለትም ምንነቱና መገኘቱ ያልታወቀ ነገር ሽያጭ፣ ብለው ያስተማሩት ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ለመጫወት አንድ እሽግ ገዝቶ በወጣለት የሚደሰት ሕፃንና የወር ደመወዙን በእሽግ ላይ አፍስሶ «ዛሬ ይወጣልኛል» እያለ የሚቀድ ጎልማሳ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሰው የሚገዛው ወረቀቱን ሳይሆን ዕድሉን ነው። በዕድል ላይ ገንዘብ ማዋል ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በኢንተርኔት የቀጥታ ሥርጭት አንድ ሻጭ ያልተከፈተ ካርቶን ያቀርባል። ተመልካቾች እያንዳንዳቸው የአንድ ቡድን ስም ይገዛሉ። ካርቶኑ ሲከፈት የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ካርድ የወጣለት ይወስዳል፤ ያልወጣለት ባዶ እጁን ይቀራል። ሁሉም ከፍለው አንዱ ሲያገኝ ሌላው የሚያጣበት ነገር ምን እንደሚባል ለአድማጮቻችን መንገር አያስፈልገንም።

የታሸገ ነገር አደጋው ለሀብታምም አይመለስም። በ2021 መጨረሻ ሎጋን ፖል የተባለ ታዋቂ አሜሪካዊ የመጀመሪያው ኅትመት የፖኬሞን ካርድ ነው የተባለ የታሸገ ሣጥን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሣጥኑ በባለሙያ ታይቶ «ትክክለኛ ነው» የተባለ ነበር። በጥር 2022 ሲከፈት ግን በውስጡ የተገኘው ርካሽ የሌላ ዓይነት ካርድ ነበር። የማሸጊያው ላስቲክ የውስጡን አላሳየም፤ ምስክር የሆኑትም ያዩት ላዩን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ዋጋውን ከማያውቅ ሰው መግዛት ነው። በዚህ ንግድ ትልቅ ትርፍ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት የቀድሞ ዕቃ ስታወጣ አንድ ካርቶን ካርድ ታገኛለች። ነጋዴው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ካርድ መሐሉ እንዳለ ያያል። ፊቱን አጨፍግጎ «ለሁሉም ሃምሳ ዶላር ልስጥሽ» ይላታል። በትምህርት ቤትም ትልቁ ልጅ የትንሹን ልጅ ውድ ካርድ በከረሜላ ይለውጠዋል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴዎች ከከተማ ወጥተው፣ ሸቀጥ ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱና የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ በመንገድ ላይ ተቀብለው እንዳይገዟቸው ከልክለዋል። ገበያ ደርሶ ዋጋውን ያወቀ ሻጭም ሽያጩን የማፍረስ መብት ተሰጥቶታል። ያቺ አሮጊት ገበያ ያልደረሰች ሲራራ ነጋዴ ናት። ሙስሊም ብትሆን ባትሆን ለውጥ የለውም። ሕፃኑም ያለ ወላጁ ፈቃድ ውድ ዕቃውን የመሸጥ ብቃት የለውም። በእውቀታችን ማትረፍ ይፈቀድልናል። የሌላውን አለማወቅ ወጥመድ አድርጎ ማትረፍ ግን በረካ የለውም።

ሁለተኛው በር፦ ደረጃ ስናስወጣ

ቡና ደረጃ እንደሚወጣለት ሁሉ ለእነዚህ ካርዶችም ደረጃ ይወጣል። የካርዱ ባለቤት ወደ ደረጃ አውጪ ድርጅት ይልካል። ከእነዚህ ታዋቂው በ1991 በአሜሪካ የተቋቋመው ፒ.ኤስ.ኤ ነው፤ ቤኬት፣ ኤስ.ጂ.ሲ እና ሲ.ጂ.ሲ የሚባሉም አሉ። ባለሙያው አራት ነገሮችን ይመረምራል፦ ሥዕሉ በወረቀቱ መሐል መቀመጡን፣ አራቱ ማዕዘኖች አለመጎዳታቸውን፣ ጠርዙ አለመላላጡንና ገጹ አለመጫሩን። ከዚያ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጥና ካርዱን ከነቁጥሩ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሰዋል።

10 ያገኘና 9 ያገኘ ካርድ በዓይን አይለዩም ለማለት ይቻላል። በዋጋ ግን አንዱ የሌላውን ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ገበያው የሚከፍለው ለወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ለቁጥሩ ጭምር ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ደግሞ የሰው ዓይን ነው። ያው ካርድ ሁለት ጊዜ ተልኮ የተለያየ ደረጃ ማግኘቱ በንግዱ ውስጥ የታወቀ ነው። የአገልግሎቱ ክፍያም በካርዱ ዋጋ መጠን ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ደረጃ አውጪዎቹን አጭበርባሪ አያሰኛቸውም። የባለሙያ ምስክርነት ለገዢ ይጠቅማል። ነገር ግን ምስክርነት እንጂ ወሕይ አይደለም።

ይህን ለመረዳት የዋግነሩን ካርድ ታሪክ እንመልከት። ፒ.ኤስ.ኤ ሲቋቋም የመጀመሪያ ቁጥር ይዞ ደረጃ የወጣለት ካርድ የሆነስ ዋግነር ነበር። ከ10 ውስጥ 8 ተሰጠው። ለዚያ ዕድሜ ይህ አስደናቂ ደረጃ ነው። ካርዱን በ1991 የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪ ከሸሪኩ ጋር በ451 ሺህ ዶላር ገዝተውት ነበር። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጠርዙ የተቆረጠ ነው የሚል ሐሜት ግን ለዓመታት ሲናፈስ ቆየ።

በ2013 እውነቱ ወጣ። ቀደም ሲል ካርዱን ገዝቶ የሸጠውና በኋላም የትልቅ ጨረታ ቤት ባለቤት የነበረው ቢል ማስትሮ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን ሲያምን፣ የዚያን ካርድ ጠርዝ ቆርጦ ማስተካከሉንም አመነ። ክሱ የቀረበበት ዋናው ጉዳይ በጨረታ ቤቱ ውስጥ የውሸት ተጫራቾችን እያስገባ ዋጋ ማስወደዱ ነበር። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

ውድ አድማጮቻችን! ቁጥሩ በፕላስቲክ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ገዢዎቹ ሁሉ ቁጥሩን አመኑ። እውነቱን የሚያውቀው ግን መቀሱን የያዘው ሰው ነበር። አላህም (ሱ.ወ) ያውቅ ነበር። ባለሙያ አይቶ አለማወቁ የቆረጠውን ሰው ከተጠያቂነት አላዳነውም።

ዛሬ ይህ ነገር በትንሹም ይፈጸማል። የካርዱን ጠርዝ የሚልጉ፣ ነጭ የወጣበትን ማዕዘን በቀለም የሚነኩ፣ የተጣጠፈውን በእርጥበትና በክብደት የሚያቀኑ አሉ። «ጠርዙ ተነክቷል» ተብሎ ያለ ደረጃ የተመለሰላቸውን ካርድ፣ ይህን ሳይናገሩ «ደረጃ ያልወጣለት ንጹሕ ካርድ» ብለው ለሌላ የሚሸጡም አሉ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ሻጩ ዝናብ አግኝቶት ነው አላቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። ልብ በሉ፤ እህሉ መርጠቡ የሻጩ ጥፋት አልነበረም፣ ዝናብ ነው ያገኘው። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው። የካርዱ ማዕዘን መላላጡም የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። የእኛ ግዴታ እርጥቡን ከላይ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ስንሸጥ

በዚህ ንግድ ሽያጩ በአብዛኛው በፎቶግራፍ ነው። ገዢው ካርዱን በእጁ አይዝም። በመሆኑም ጭረቱ እንዳይታይ መብራቱን አዙሮ ፎቶ ማንሳት፣ ጀርባውን አለማሳየት፣ «እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ ከኃላፊነት ማምለጥ ቀላል ነው። ሙስሊም ነጋዴ ግን የሚያውቀውን ነውር ሳይጠየቅ ይናገራል። ገዢና ሻጭ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚነሳ ተምረናልና።

ሌላው ነጅሽ ነው። ነጅሽ ማለት መግዛት የማይፈልግ ሰው ሌላውን ለማታለል ዋጋ ማስጨመሩ ሲሆን፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ላይ በጓደኛ ስም ወይም በራስ ሌላ አካውንት እየገቡ ዋጋ መስቀል ይኸው ነው። ማስትሮን ለእስር ያበቃውም ይህ ሥራ ነው።

ሰው ወደዚህ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ነው። እስቲ በምሳሌ እናስላ። አንድ ወጣት አሥር ካርዶችን እያንዳንዳቸውን በ30 ዶላር ገዛ እንበል፤ 300 ዶላር ሆነ። ለደረጃና ለመላኪያ ለእያንዳንዱ 25 ዶላር ቢከፍል 250 ይጨመራል። ጠቅላላ ወጪው 550 ነው። ሦስቱ 10 አግኝተው በ110፣ አምስቱ 9 አግኝተው በ40፣ ሁለቱ 8 አግኝተው በ25 ዶላር ቢሸጡ 580 ዶላር ይገባል። የሽያጭ መድረኩ 13 በመቶ ቢቆርጥ የሚተርፈው 505 ዶላር አካባቢ ነው። ልጁ 45 ዶላር ከሰረ። ሦስት ሳይሆን አምስት ካርዶች 10 ቢያገኙ፣ አራቱ 9፣ አንዱ 8 ቢሆኑ ግን ከወጪ ቀሪ ወደ 89 ዶላር ያተርፋል።

በኪሳራና በትርፍ መካከል ያሉት ሁለት ካርዶች ናቸው። ሸይጧንም የሚመጣው እነዚያ ሁለት ካርዶች ላይ ነው። «ጠርዙን ትንሽ ብቻ ብታስተካክለው ማን ያውቃል?» ይላል። ሒሳቡን አስቀድሞ ያላሰላ፣ የማይችለውን ገንዘብ ያስገባ ልጅ ለዚህ ጉትጎታ ቅርብ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ማወቅ አማናን ለመጠበቅም ይረዳል።

ዘካና ዕዳ

ብዙ ወጣቶች የሚዘነጉት ጉዳይ አለ። ለሽያጭ የተያዘ ካርድ የንግድ ዕቃ ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የንግድ ዕቃ ዘካ አለበት። አንድ ሰው ለመሸጥ የያዛቸው ካርዶችና ያለው ገንዘብ ተደምሮ ኒሷብ ከሞላ፣ ማለትም 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣውን ያህል ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት፣ ከመቶ 2.5 ያወጣል። የሚተመነውም በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው። ለራሱ ወዶት ያስቀመጠው፣ ሊሸጠው ያላሰበው ግን ከዚህ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ሰው ራሱን ማታለል የለበትም። ሲሸጥ «ንግዴ ነው»፣ ዘካ ሲደርስ «መዝናኛዬ ነው» የሚል ንግግር አያዋጣም።

ዕዳም እንዲሁ ነው። ነገ በሚገመት ዋጋ ተማምኖ ዛሬ በወለድ ተበድሮ ካርድ መግዛት ሁለት መከራ ነው። ካርዱ ሊረክስ ይችላል፤ አራጣው ግን አይረክስም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ካርድ ሲነግድ ብታገኙት በመጀመሪያ ጩኸት አትነሱበት። ጩኸት ልጁን ከንግዱ አያስወጣውም፤ ከእናንተ ግን ይሰውረዋል። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፦ ምን ገዛህ? ከማን ገዛህ? የሸጠልህ ሰው ዋጋውን ያውቃል ወይ? ነውሩን ለገዢው ነገርከው ወይ? ገንዘቡ ከየት መጣ? የሚገዛውን አይቶና አውቆ የሚገዛ፣ ደብተር ይዞ ወጪ ገቢውን የሚጽፍ፣ ነውር የሚናገር ልጅ ነጋዴ እየሆነ ነው፤ ምከሩት፣ ሰላቱንና ትምህርቱን እንዳያስረሳው ጠብቁት። እሽግ ሲቀድ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲያጣ ሌላ ለመግዛት የሚሮጥ ልጅ ግን ታሟልና ፈጥናችሁ እጁን ያዙት።

ውድ ወጣቶች! በፕላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር ገዢውን ያሳምን ይሆናል። የቂያማ ዕለት ግን የምንጠየቀው ካርዱ ስንት አገኘ ተብሎ አይደለም። ገንዘቡን ከየት አገኘኸው፣ በምን ላይ አዋልከው ነው የምንባለው። ደረጃ አውጪው ማዕዘኑን ይመረምር፤ እኛ ኒያችንን እንመርምር።

አላህ (ሱ.ወ) ሲሳያችንን ሐላል፣ ጥቂቱንም በረካ ያለው ያድርግልን። ልጆቻችንን ከማታለልም ከመታለልም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!